ከጤፍ በፊት ኑግ፦ ትንንሽ ነገሮችን ቀርቦ ስለማንሳት

ሐሙሲት ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው መጀመሪያ ዘገን ያደርግና መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፤ አሸዋ አለው? ተቀላቅሏል? ማክሮ ፎቶግራፍም እንዲህ ቀርቦ ማየት ነው፤ ትንሽ ነገርን ዓይን ሳይለየው የሚያልፈው እስኪታይ ድረስ ተጠግቶ ማንሳት። ብዙዎች ውድ ካሜራ ይጠይቃል ብለው ይተዉታል። እንደ እኔ ግን ከካሜራው ይልቅ ርቀትና ብርሃን ይበልጣሉ።

ባለሙያዎች ማክሮ የሚሉት አንድ ለአንድ የሆነውን ነው፤ የዕቃው ምስል በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው በራሱ በዕቃው መጠን ልክ ነው ማለት ነው። የትልልቆቹ ካሜራዎች ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 36 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ዕቃ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። የጤፍ ቅንጣት ግን ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፎቶው ስፋት 36ኛውን እጅ ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ጀማሪ በጤፍ አይጀምር፤ እሷ ወደ ማይክሮስኮፕ ታደላለች። ኑግ፣ የፎገራ ሩዝ፣ ሳንቲም፣ የቀሚስ ጥለት፣ የእንጀራ ዓይን ይሻላሉ።

ማንኛውም ሌንስ ከዚህ በላይ ከቀረብከኝ አላይም የሚልበት ርቀት አለው። ስልክዎን ወደ ኑጉ እያስጠጉ ምስሉ ብዥ ሲል እዚያ ደርሰዋል ማለት ነው። ያኔ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ፤ ካነሱ በኋላ ዳር ዳሩን ይቁረጡት። በብዙ ርካሽ ስልኮች ጀርባ ላይ «ማክሮ» ተብሎ የሚጨመረው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከጥቅሙ ማስታወቂያው ያመዝናል፤ በዋናው ካሜራ አንስቶ መቁረጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል።

የበለጠ መቅረብ ለሚፈልግ የማጉያ መነጽር በቂ ነው። መነጽሩ የፀሐይን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስበው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከሆነ፣ ከስልኩ ሌንስ ፊት ሲያስጠጉት ስልኩም 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ዕቃ አጥርቶ ያያል። መነጽሩ እንዳይንቀሳቀስ በፕላስተር ማሰር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስቸግረው የጥራቱ ውፍረት ነው። በቀረቡ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ንብርብር እየሳሳ ይሄዳል። በትልቅ ካሜራ፣ በአንድ ለአንድ መጠን፣ የሌንሱ መክፈቻ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ እንኳ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳንቲምና ጥለት ዝርግ ስለሆኑ ስልኩን ትይዩ አድርጎ መያዝ ብቻ ይበቃቸዋል። የቡና ፍሬ ግን ሆዱ ሲጠራ ጎኑ ይደበዝዛል፤ የቱ እንዲጠራ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ። ባለሙያዎች ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያራመዱ ብዙ ፎቶ ያነሱና በኮምፒውተር አንድ ያደርጉታል። እጅም ይንቀጠቀጣል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ከዕቃው ጋር አብሮ ስለሚጎላ ስልኩን መጽሐፍ ላይ ማስደገፍና ሰዓት ቆጣሪውን መጠቀም ግድ ነው።

ብርሃኑን ከጎን ያምጡት። የስልኩ ፍላሽ እንዲህ ሲቀርብ ሁሉንም ነገር ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ስልኩ ራሱም ጥላ ይጥላል። ጠዋት በር ወይም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ በሌላው ወገን ነጭ ወረቀት ማቆም ይበቃል። ኑግ አንጸባራቂ ጥቁር ስለሆነ የቀጥታ ፀሐይ ነጫጭ ነጥብ ይበትንበታል፤ በመካከል ስስ ነጠላ ሲጋረድ ይለሰልሳል። ጥለት ደግሞ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ክሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲያልፉ ጥላቸው ይታያል።

ክርን በሌንስ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በ1632 የተወለደው የሆላንዱ ሊዩዌንሁክ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በሙያው ጨርቅ በማጉያ ሌንስ ይመረመር ነበር። ኋላ ራሱ በሠራቸው ሌንሶች በውኃ ውስጥ ያሉ ደቂቅ ፍጥረታትን አየ። በሽመናው የሚታወቀው የፎገራው አውራምባ ለሐሙሲት ሩቅ አይደለም፤ የእጅ ሥራውን ለሚሸጥ ሸማኔ አንድ ጥሩ የጥለት ፎቶ ከብዙ ቃል ይልቅ ያስረዳለታል።

ገበሬውንም ይጠቅማል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ደጋ ድንች የሚያለማ ሰው በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካየ፣ እርጥበት ባለበት ጠዋት የቅጠሉን ጀርባም ገልብጦ ያንሳ፤ የድንች ዋግ ከሆነ በነጠብጣቡ ዳርቻ ነጭ ሻጋታ ሊታይ ይችላል። ከአጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጥ፣ አንዱን ፎቶ ከቅርብ፣ ሌላውን ደግሞ ሙሉውን ተክል እንዲያሳይ አድርጎ ያንሳና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይላክ። ባለሙያው የቀረበውን ፎቶ ብቻ ካየ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አያውቅምና ሁለቱንም ይላኩለት።