ከቡናው ገለፈት እስከ ኢፍጣሩ ማዕድ

ረመዳን ሲገባ የጅማ ማዕድ ቤቶች መዓዛ ይለወጣል። ዳቦው ላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል፤ ከተራዊህ መልስ የሚጠጣው ቡና ኮረሪማ ወይም ጤና አዳም አያጣም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለው መናገራቸው በሐዲስ ተላልፏል። ለመሆኑ የእነዚህ ተክሎች ኃይል ከምን ይመጣል? የሚበቅሉበት አፈርስ ምን ድርሻ አለው?

ተክሎች ከተባይና ከበሽታ ራሳቸውን የሚከላከሉባቸውን ንጥረ ነገሮች ይሠራሉ። በጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ታይሞኪኖን፣ በኮረሪማ ፍሬ ዘይት ውስጥ ደግሞ ሲኒዮል የተባለው ይገኛል። ተክሉ ናይትሮጅን በገፍ ሲያገኝ ጉልበቱን ቅጠል ለማብዛት ያውለዋል፤ መዓዛማው ዘይት ግን በዚያው ልክ ላይጨምር ይችላል። ኮምፖስት ምግቡን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ አፈሩም እርጥበት እንዲይዝ ይረዳል። የደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ተወላጅ የሆነው ኮረሪማም የለመደው በዛፍ ጥላ ሥር የበሰበሰ ቅጠል ነው። ያም ሆኖ ውጤቱ እንደ ተክሉ፣ እንደ አፈሩና እንደ አሰባሰቡ ይለያያል።

በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ የቡና ገለፈት ሞልቷል። ወንዝ ውስጥ ሲጣል ውኃውን ይበክላል፤ ሲብላላ ግን በፖታሲየም የበለጸገ ማዳበሪያ ይሆናል። ጥሬውን ችግኝ ሥር መድፋት አይገባም፤ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን እድገትን ይገታል። ገለፈቱን ከከብት እበት፣ ከአረንጓዴ ቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር እያነባበሩ መከመር፣ እርጥበቱን መጠበቅና በየሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሲጠቁርና የአፈር ሽታ ሲኖረው ደርሷል። ያልበሰለ እበት ግን በሽታ አምጪ ተህዋስያን ስለሚይዝ ለሚበላ ቅጠል አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር እናቶች አይመከርም። የስኳር ሕመምተኞችም ጥቁር አዝሙድን እንደ መድኃኒት አዘውትረው ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ከጾሙና ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ተደምሮ ስኳራቸውን ከመጠን በላይ ሊያወርደው ይችላል።

እስልምና ብክነትን አጥብቆ ያወግዛል። በዚህ ወር ከገበታችን የተረፈውን ልጣጭና ከቡናችን የወጣውን ገለፈት ለጓሯችን ብንመልሰው፣ ለከርሞው ኢፍጣር የሚሆነውን ቅመም ከወዲሁ መመገብ ጀመርን ማለት ነው።

ረመዳን ሙባረክ!