ስፖንሰሩ ሲሄድ፦ የመንገድ ብስክሌት ቡድኖች የህልውና ጉዳይ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኤችቲሲ ሃይሮዱ ማርክ ካቨንዲሽ በቱር ደ ፍራንስ አምስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ ፉክክሩን አረንጓዴ ማሊያ ለበሰ። ውድድሩ ፓሪስ ላይ በተጠናቀቀ በ11ኛው ቀን የቡድኑ ባለቤት ቦብ ስቴፕልተን አዲስ ስፖንሰር ባለመገኘቱ ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቁ። ያ ሴፕቴምበር ካቨንዲሽ በጎዳና ውድድር፣ የቡድን ጓደኛው ቶኒ ማርቲን ደግሞ ከሰዓት ጋር በሚደረገው የግል ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ሁለቱም ሊፈርስ ወራት የቀሩት ቡድን ጋላቢዎች ነበሩ።

በሌላ ስፖርት እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ይከብዳል። ማሸነፍ ለቡድኑ ነገን ያስገኝለታል ብለን እናምናለንና። የእግር ኳስ ክለብ ስታዲየም አለው፣ ትኬት ይሸጣል፣ ተጫዋች ሸጦ ይጠቀማል፣ ከቴሌቪዥን ገቢ ድርሻውን ይወስዳል። የብስክሌት ውድድር ግን በሰው ደጃፍ የሚያልፍ ነው። ተመልካቹ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ማንም አያስከፍለውም። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የሚሄደው ለአዘጋጁ ነው፤ ቱር ደ ፍራንስን የሚያዘጋጀው ደግሞ የአሞሪ ቤተሰብ ድርጅት ነው። ጋላቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ቡድን የሚቀይሩት ውላቸው ሲያልቅ ስለሆነ የዝውውር ገቢም እምብዛም የለም። ሽልማቱስ? የቱሩ አሸናፊ የሚያገኘው 500,000 ዩሮ ነው፤ እሱንም በልማድ ከጓደኞቹና ከሠራተኞቹ ጋር ይካፈለዋል። ትልልቆቹ ቡድኖች በዓመት የሚያወጡት ግን በአስር ሚሊዮኖች ዩሮ ይቆጠራል። ልዩነቱን የሚሞላው በማሊያው ደረት ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሲወጣ የሚቀረው አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ የተከመረ ውልና ከዓለም ብስክሌት ማኅበር የተገኘ ፈቃድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ከፋዮቹ ራሳቸው ብስክሌት ሠሪዎቹ ነበሩ። እንደ ፔዦና አልሲዮን ያሉት ፋብሪካዎች ጋላቢ ቀጥረው በውድድር ድል ብስክሌታቸውን ይሸጡ ነበር። የቱሩ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ የፋብሪካዎቹ ጣልቃ ገብነት ስላስመረረው በ1930 ውድድሩን የብሔራዊ ቡድኖች አደረገው፤ የድርጅት ቡድኖች የተመለሱት በ1962 ነው። በመካከሉ ሞተር ሳይክልና መኪና በመላው አውሮፓ ተስፋፍተው የብስክሌት ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። ያኔ ነው ጣሊያናዊው ፊዮሬንዞ ማኒ በ1954 ከብስክሌት ጋር ምንም የማይገናኘውን የኒቪያ ክሬም በስፖንሰርነት ያመጣው። ታላቁ ኤዲ መርክስ የቡና ማሽን ሠሪውን የፋኤማን፣ በኋላም የቋሊማ አምራቹን የሞልቴኒን ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ጋልቧል። ስፖርቱ በዚህ መንገድ ከረሃብ ዳነ። ዕድሜው ግን በባዕድ ንግድ ዕድሜ ተለካ።

ስፖንሰር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጎልቶ የሚታወቀው ግን አበረታች መድኃኒት ነው። ቲ-ሞባይል በ2007 መጨረሻ በዚሁ ቅሌት ምክንያት ሲወጣ በቡድኑ ፍርስራሽ ላይ የቆመው ያ በኋላ ኤችቲሲ የተባለው ቡድን ነበር። የሆላንዱ ራቦባንክም በኦክቶበር 2012፣ የላንስ አርምስትሮንግ የአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ሰነዶች ይፋ በሆኑ በቀናት ውስጥ ስሙን ከማሊያው ላይ እንደሚያነሳ አስታወቀ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ስም ሲቀያይር ኖሮ ዩምቦ-ቪስማ ሆነ፣ በ2023ም በታሪክ የመጀመሪያ በሆነ ገድል ሦስቱን ታላላቅ ጉብኝቶች በአንድ ዓመት አሸነፈ፦ የጣሊያኑን ጂሮ በፕሪሞዥ ሮግሊች፣ ቱሩን በዮናስ ቪንገጎ፣ የስፔኑን ቩዌልታ በሴፕ ከስ። በዚያው ዓመት ሱፐርማርኬቱ ዩምቦ ሊወጣ ስለነበር የቡድኑ ኃላፊዎች ከተፎካካሪያቸው ከሱዳል ኩዊክ-ስቴፕ ጋር ስለ ውህደት ይነጋገሩ ነበር። ንግግሩ አልተሳካም፤ ቪስማ ከሌላ ስፖንሰር ጋር ተጣምሮ ቡድኑን አቆየው።

ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የለበሰው የጣሊያኑን የላምፕሬ-ሜሪዳን ማሊያ ነበር። ላምፕሬ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጣ። ሊረከብ የነበረው የቻይና ድርጅት ገንዘቡን ማሟላት ሳይችል ቀረ። ዲሴምበር ላይ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሰዎች ደርሰው ባያተርፉት ቡድኑ አልቆለት ነበር። ዛሬ ታዴይ ፖጋቻር የሚጋልብለት የዓለም ኃያል ቡድን ያ ነው። ጽጋቡ ግን ለ2017 ባህሬን ወደ መሠረተችው ሌላ ቡድን አምርቷል።

ጽጋቡን ወደ ትልቁ መድረክ ያወጣው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን-ኩቤካ ታሪክ የበለጠ ያስቆጫል። በ2015 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆነ፤ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖትም የተራራ ንጉሡን ባለ ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። ስሙ በየጊዜው ተቀያየረ፤ የጃፓኑ ኤንቲቲ በ2020 ሲወጣ ክፍተቱን በ2021 አጋማሽ ኔክስትሃሽ የተባለ የዲጂታል ገንዘብ ድርጅት ይሞላዋል ተባለ። ለዓመታት ይዘልቃል የተባለው ውል ቡድኑን ወደ ቀጣዩ ዓመት እንኳ አላሻገረውም። አፍሪካዊ ልጅ የሚታይበት ትልቁ በር በዚያ ተዘጋ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይም በ2021 የገንዘብ ችግር ካናወጠው የፈረንሳይ ቡድን ዴልኮ ወጥቶ ኢንተርማርሼ-ዋንቲ ባያገኝ ኖሮ፣ በ2024 ቱር ያየነው አረንጓዴ ማሊያ ላይኖር ይችል ነበር። የኢንተርማርሼ ፈቃድ ራሱ ከሌላ ቡድን መሞት የተገኘ ነው፤ የፖላንዱ የጫማ ነጋዴ ሲሲሲ በወረርሽኙ ሱቆቹ ተዘግተውበት በ2020 ሲወጣ የተላለፈ ነበር። ኢንተርማርሼም በበኩሉ ለብቻው መቀጠል አቅቶት ከ2026 ጀምሮ ከቤልጅየሙ ሎቶ ጋር ተዋሕዷል።

በአንጻሩ የስፔኑ ሞቪስታር ቡድን ከ1980 ጀምሮ በሬይኖልድስ፣ በባኔስቶና በሌሎችም ስሞች ሳይቋረጥ ኖሯል፤ ምስጢሩ አስተዳዳሪው ድርጅት ከስፖንሰሩ የተለየና አርቆ የሚያቅድ መሆኑ ነው። የፈረንሳይ ሎተሪም ከ1997 ጀምሮ ከስፖንሰርነቱ አልተነቃነቀም። አሁን ግን ሚዛኑ ወደ መንግሥታትና ወደ ባለጸጎች አዘንብሏል፤ ኤምሬትስና ባህሬን በአንድ ወገን፣ የኢኒዮስ ቡድን ባለቤት ጂም ራትክሊፍ በሌላ ወገን። ተራ ነጋዴ ከእነዚህ ጋር በደመወዝ ሊፎካከር አይችልም። የመንግሥት ገንዘብም ሆነ የአገር ስም የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ በ2025 ቩዌልታ በእስራኤል-ፕሪሚየር ቴክ ላይ የተነሳው ተቃውሞ የመጨረሻውን ዕለት ውድድር እስከ ማቋረጥ ደርሶ፣ ቡድኑ ስሙን እንዲቀይር አስገድዷል።

መፍትሔ ተብለው የቀረቡት ሁሉ ጎዶሎ ናቸው። የዓለም ማኅበሩ የሚጠይቀው የባንክ ዋስትና ቡድን ሲፈርስ የጥቂት ወራት ደመወዝ ይሸፍናል እንጂ ቡድኑን አያድንም። ገቢን ለመጋራት ያለመውን በሳዑዲ ገንዘብ የተደገፈ «ዋን ሳይክሊንግ» ዕቅድ ማኅበሩ በ2025 ውድቅ አድርጎታል። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ የብሪታኒ ክልል ቡድን አርኬያ-ቢ ኤንድ ቢ ሆቴልስ ስፖንሰር አጥቶ ተዘጋ። በዚያ ዓመት ቱር ሰባተኛ የወጣው የቡድኑ ጋላቢ ኬቨን ቮክለን በኢኒዮስ ተቀጠረ። ስም ያለው ጋላቢ ሁልጊዜ ፈላጊ አያጣም፤ መካኒኩ፣ ወጌሻው፣ ሹፌሩና ገና ስሙ ያልታወቀው ወጣት ግን ቡድኖች ዝርዝራቸውን በሞሉበት ወቅት ነው ሜዳ ላይ የሚቀሩት። የዝውውሩ በር በይፋ የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው። ቢያንስ ስፖንሰር መውጣቱን ከዚያ ቀን በፊት እንዲያሳውቅ በፈቃዱ ደንብ ውስጥ ማስገደድ ይቻላል፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ክፍፍል እስኪስተካከል ድረስ ለእነዚህ ሰዎች ከዋስትናው ይልቅ ይህ ይጠቅማቸዋል።