የመግቢያ ቪዛ ከጅቡቲ ሲጠየቅ

ቪዛ ሲባል ለብዙ ሰው በፓስፖርት ላይ የሚመታ አንድ ማኅተም ብቻ ይመስለዋል። በ1955 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 ከዘረዘራቸው ተግባሮች አንዱ ለውጭ ዜጎች ቪዛ መስጠት ነው። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። በወደብና በባቡር ሐዲድ ጫፍ ላይ በጅቡቲ ከተማ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ሚሲዮን ግን ሥራው ይህን ያህል የቀለለ አይደለም።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው የጅቡቲ ዜጎች ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ቪዛ ጠያቂው በአብዛኛው የሦስተኛ አገር ሰው ነው፤ መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ሸሽቶ ባሕሩን የተሻገረ የመናዊ፣ ወይም በከተማይቱ ካሉት የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የጃፓን ጦር ሰፈሮች የወጣ ወታደር።

በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ስም ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ምስክር ነው፤ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ የ«ጅ» ድምፅ በሁለት፣ የ«ኡ» ድምፅም በሁለት ፊደል ይገለጻል። በእንግሊዝኛው ልማድ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ፊደል ይበቃል። እንግዲህ ጃማ ወይም ዩሱፍ የተባለ ሰው በአንዱ ሰነድ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ተጽፎ ሲቀርብ አንዱ ሰው ሁለት ይመስላል። ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ሊመረመር የሚገባው ያልፋል፤ ንጹሑ ይታገዳል።

ጥርጣሬ ሲኖር አዲስ አበባ ይጠየቃል። ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። ሁለቱ ከተሞች አብረው በሥራ ላይ የሚውሉት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ ለቀረበ ጥያቄ መልሱ ሰኞ ቢመጣ፣ መርከቡ እስከዚያ መልሕቁን ነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፖለቲካው ነው። ሶማሌላንድ በ1983 ዓ.ም. ነጻነትዋን ስታውጅ ዕውቅና የሰጣት መንግሥት አልነበረም። ነዋሪዎችዋ ግን ይነግዳሉ፣ ለሕክምና ይጓዛሉ፤ የያዙትም የራስዋን ፓስፖርት ነው። ማኅተም ቢመታበት ሞቃዲሾን ሊያስቆጣ፣ ቢከለከል ሐርጌሳን ሊያስቀይም ይችላል። እርግጥ ነው፣ ዕውቅና በመንግሥት ፈቃድ እንጂ በጸሐፊ ማኅተም አይሰጥም። አንዳንድ መንግሥታት ቪዛውን በተለየ ወረቀት በመስጠት ያመልጣሉ። ብልሃቱ ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ቻይና ለካሽሚር ነዋሪዎች እንዲህ ስታደርግ ሕንድ በብርቱ ተቃውማለች።

በ2010 ዓ.ም. በኢንተርኔት የሚሰጥ ቪዛ ተጀመረ። ሆኖም አገልግሎቱ ሲጀመር በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚገቡት ስለ ነበር፣ በጋላፊ በመኪና ወይም በደወሌ በባቡር የሚመጣው መንገደኛ ወደ ሚሲዮኑ መስኮት መሄዱ አልቀረለትም። ቪዛ የያዘም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚሰማው ከኬላው የኢሚግሬሽን ሹም ነው።

በዚያው ሚሲዮን ደጃፍ የራሳችን ልጆችም ይቆማሉ። በኦቦክ ጠረፍ ወደ የመን ለመሻገር ወጥተው ያለ ፓስፖርት የቀሩት ወደ አገር የሚገቡት «ሊሴ ፓሴ» በተባለው የአንድ ጊዜ መጓጓዣ ሰነድ ነው። ለዚህ ደግሞ ዜግነት መረጋገጥ አለበት። አፋርኛውም ሶማልኛውም በድንበሩ ግራና ቀኝ ስለሚነገር ቋንቋ ብቻውን ሰውን አይለይም። የትውልድ ወረዳው፣ የገበያው ቀን፣ በአገር ቤት ያለው ዘመድ ስም መጠየቅ ይኖርበታል፤ መልሱ እስኪጣራም ልጁ በጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ይጠብቃል።