ስላይድ ፊልምና የአያቴ ጋቢ

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። በዚያ ሰሞን የኛ ቤተሰብ ከወሎ፣ ከውርጌሳ ስንቁን ቋጥሮ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ አያቴን በመካከል አድርጎ ወደ አምባሰል ደጋ በእግሩ ይወጣል። ከታች የሀብሩ ማሽላ ቆሟል። ከፍ ሲሉ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በላይ ገደሉ አደይ አበባ ለብሷል። ክረምቱ ያጠበው አየር ጥርት ስላለ የሩቁ ተራራ እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። ለዚህ መንገድ ካሜራ የሚይዝ ሰው ስላይድ ፊልም ይያዝ እላለሁ።

ስላይድ ማለት ታጥቦ ሲወጣ ራሱ ፎቶ የሆነ ፊልም ነው። ኔጌቲቭ ቀለሙን ገልብጦ ይይዝና ወረቀት ላይ ሲታተም ይቃናል። ስላይዱን ግን ወደ መስኮት አንሥቶ ማየት ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚል መልሴ አጭር ነው። ፉጂ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ቬልቪያ 50 አረንጓዴውን እንደ እሳት ያነደዋል፤ ሰው ለሌለበት ገደልና ሸለቆ ድንቅ ነው፤ ፊት ላይ ግን ቀይ ያበዛል። ለቤተሰብ ፕሮቪያ 100ኤፍ ወይም ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2018 መልሶ ያመጣው ኤክታክሮም ኢ100 ይበጃል። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ኮዳክሮም ያገኘ ሰው ለመንገዱ አይያዘው። በዓለም የመጨረሻው የኮዳክሮም ማጠቢያ፣ በአሜሪካ ካንሳስ ያለው፣ ፊልም መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 ነው፤ ዛሬ ቢታጠብ ጥቁርና ነጭ እንጂ ቀለም አይወጣውም። በፊት የታጠበ የኮዳክሮም ስላይድ በቤታችሁ ካለ ግን አደራ አትጣሉት። ከብርሃን ርቆ የተቀመጠ እንደሆነ ቀለሙ እጅግ ይቆያል።

አሁን ወደ ጋቢው ልምጣ። የመጀመሪያውን ጥቅል ያነሣሁ ዓመት፣ ስላይዶቹ ታጥበው ሲመጡ አንዱን ለአያቴ ሰጠኋት። በር ላይ ቁጭ ብላ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ አገላብጣ አየችው። «ያነሣኸው ጋቢዬን ነው እንዴ? እኔ የታለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋቢው ከነጥለቱ ቁልጭ ብሏል፤ ፊቷ ያለበት ቦታ ከሰል ነው።

ለአንድ ፎቶ ቤት ሰው ባሳየው፣ «ፊልሙ ጥቁር ሰው አይወድም» አለኝ። ይህ አባባል ብዙ ሰው አፍ ላይ አለ፤ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። አታሚው ቀለሙን በሷ ቆዳ ልክ ሲያስተካክል የጥቁሩ ሰው ፊት ጭቃ ይመስላል። ያ እውነተኛ በደል ነው። ነገር ግን በደሉ የጎላው ኅትመት ላይ ነው፤ ስላይድ ደግሞ ሳይታተም ይታያል። በካሜራው ያስገባኸውን ብርሃን ያንኑ ይመልስልሃል። የአያቴን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ አመድማ ነው ብሎ ይወስዳል። ነጭ ጋቢ የካሜራውን ዓይን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል። ጋቢው አመድማ ይሆናል፣ ፊት ይጨልማል። ጋቢ የለበሰ ሰው ጥላ ያጠላበት ቋጥኝ ፊት ሲቆም ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ መለኪያው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ጋቢው ይቃጠላል። በነጭ ጋቢና በጠይም ፊት መካከል ሦስት የብርሃን እርከን ያህል ልዩነት አለ፤ እያንዳንዱ እርከን እጥፍ ስለሆነ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ስላይድ ከነጩ እስከ ጥቁሩ በግርድፉ አምስት እርከን ይችላል። ሁለቱም ይገቡለታል፤ ግን የምትስትበት ቦታ የለህም።

ከሁለቱ ስሕተት የከፋው ማቃጠሉ ነው። ስላይድ ሲታጠብ ቀለም የሚይዘው ብርሃን ያልነካው ቦታ ነው፤ ብርሃን የበዛበት ቦታ ታጥቦ ይሄዳል። የተቃጠለ ጋቢ ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ ምንም ባለሙያ ጥለቱን አያመጣልህም። በኔጌቲቭ የለመደ ሰው «ትንሽ ብርሃን ብጨምር አይጎዳም» ይላል። እዚህ ይጎዳል!

መፍትሔው መዳፍ ነው። የሰው ፊት ቢለያይም የመዳፍ ንጣት በጥቁሩም በነጩም ተቀራራቢ ነው፤ ከአመድማው አንድ እርከን ያህል ይነጣል። መዳፍህን የምታነሣው ሰው ባለበት ብርሃን ዘርጋ፤ የራስህ ጥላ አይረፍበት፤ ካሜራውን አስጠግተህ በመዳፍህ ሙላውና ለካ። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ አንድ እርከን ክፈት። ጋቢ የለበሰ ሰው በጠራራ ፀሐይ ከቆመ ግማሽ እርከን ብቻ ክፈት፤ ጥለቱ ይተርፋል፣ ፊቱም ይታያል። የመለኪያው ባትሪ ዳገቱ ላይ ካለቀ ፍጥነቱ 100 በሆነ ፊልም ለጠራራ ፀሐይ ሸተሩን 1/125፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 አድርግ። ቀትር ላይ ግን ሰው አታንሣ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ስንቁን ብሉ፣ ልጆቹን አሳርፉ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ቀጥሉ።

ጥንቃቄ የማያደርግ ሰው ያናድደኛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ በአውሮፕላኑ ጭነት ይሰድደዋል፤ ለጭነት ሻንጣ የሚጠቀሙበት ኤክስሬይ ፊልም ይጎዳል። የእጅ ሻንጣ ላይም አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ስለሚጎዱት በእጅ ይፈተሽልኝ ማለት ነው። መኪና መስኮት ሥር የተተወ ፊልም በግማሽ ቀን ቀለሙ ይዛባል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከስንቁ መካከል ክተቱት፤ እንጀራው የሚቀዘቅዝበት ቦታ ፊልሙም ይቀዘቅዛል።

ይህን ያህል የምደክምበት ምክንያት አለኝ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የወሎ ረሃብ ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ፣ አገራችን በዓለም ዓይን የደረቀ መሬትና የከሳ ፊት ሆነች። ያ ረሃብ እውነት ነበር፤ መታየትም ነበረበት። መስከረም ላይ የሚቆመው ማሽላም፣ ጥለት ያለው ጋቢ ለብሳ ዳገት የምትወጣ አሮጊትም እውነት ናቸው።

በዓመቱ በመዳፌ ለክቼ አያቴን ደግሜ አነሣኋት። ያንን ስላይድ ከበሩ ብርሃን ፊት ረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጎረቤቷን ጠርታ፣ «ነይ እስቲ፣ ይቺ ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ትታይሻለች?» አለቻት።