የምራቅ ምርመራው “ነፃ ነህ” አለው፤ ድዱ ግን ታሞ ነበር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የእርግዝና መመርመሪያ የምትመስል ትንሽ ፕላስቲክ ናት፤ ላይዋ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። “ዶክተር፣ እህቴ ከውጭ የላከችልኝ የድድ በሽታ መመርመሪያ ነው፤ በምራቅ ነው የሚሠራው። አንድ መስመር ከሆነ ነፃ ነኝ ማለት ነው አይደል?” ይላል።

“ወንድሜ፣ ጥርስህን ስትቦርሽ ይደማል?” አልኩት።

“አዎ፣ በቀኝ በኩል። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ለምጄዋለሁ።”

“እንግዲያው ነገውኑ ና” አልኩት። ምን እንዳገኘን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ (እሱም ጻፈው ብሎኛል)። መጀመሪያ ግን ነገሩን እንረዳው።

የድድ በሽታ ምንድን ነው?

ጥርስ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቆሻሻ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ሳይጸዳ ሲቆይ ድድ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ከታከመ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ቁጣው ወደ ውስጥ ይገባና ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ይጀምራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

የምራቅ ምርመራው ምን ያያል?

ድድ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎቻችን ኤም ኤም ፒ-8 የሚባል ኢንዛይም ይለቃሉ። ይህ ኢንዛይም ድድንና ጥርስን የሚያያይዘውን ሥጋ ይቆራርጣል፤ ከዚያም ከምራቅ ጋር ይቀላቀላል። ሰውየው አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ ጥቂት ጠብታ መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ በ5 ደቂቃ አካባቢ ውጤቱ ይነበባል። በምራቅ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልጉ፣ የባክቴሪያ ዘር የሚለዩም ዓይነቶች አሉ።

ጥሩ ጎን አለው፤ አያምም፣ ፈጣን ነው፣ የጥርስ ሐኪም በሌለበት ቦታም ሊሠራ ይችላል። ለምሳሌ የስኳር ሕክምና ክትትል ላይ “ይሄ ሰው ድዱን መታየት አለበት” ብሎ ለመለየት ይጠቅማል።

ታዲያ ለምን ይሳሳታል?

1. ምራቅ የመላው አፍ ድብልቅ ነው። በሽታው ሁለት ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነ ምልክቱ ሊሳሳና ሳይታይ ሊቀር ይችላል።
2. ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም አይደማም። ደም የሚፈልገው ምርመራ ሊያመልጠው ይችላል።
3. ባክቴሪያው አለ ማለት በሽታው አለ ማለት አይደለም። ጤነኛ አፍ ውስጥም ሊገኝ ይችላል።
4. አፍ ውስጥ ሌላ ቁስል ካለ ደሙ ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው መጠርጠሪያ ነው እንጂ መፍረጃ አይደለም። ቁርጡን የምናውቀው በቀጭን መለኪያ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ላይ በመለካትና በራጅ ነው። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፤ ከ4 ጀምሮ ጥርጣሬ ውስጥ እንገባለን።

ያለ ምንም መመርመሪያ ቤታችሁ የምታዩት

• ሲቦረሽ ወይም በመፋቂያ ሲፋቅ መድማት
• የማይለቅ መጥፎ የአፍ ጠረን
• ድድ ሸሽቶ ጥርስ የረዘመ መምሰል
• የጥርስ መነቃነቅ ወይም መራራቅ

አንዱ ካለ የትኛውም ውጤት አያዘናጋችሁ። “ይደማል” ብላችሁም ያንን ቦታ መቦረሽ አትተዉ፤ ቆሻሻው ሲከማች ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ፣ በቀን ሁለቴ ቦርሹ። “የቫይታሚን እጥረት ነው” ብሎ ሎሚ ማሸትም መፍትሔ አይደለም፤ አሲዱ ጥርስን ይጎዳል።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ስኳሩ ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ድዳቸው ሲታከም የሦስት ወር የስኳር ልኬታቸው የሚሻሻልላቸው አሉ።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። በቀኝ በኩል፣ ታች ያሉት ሁለት መንጋጋዎቹ ጋር መለኪያዬ 6 ሚሊ ሜትር ገባ። ራጁም አጥንቱ መበላቱን አሳየ። ከድድ በታች ያለውን ድንጋይ አጸዳንለት፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እለካዋለሁ። ጥርሶቹን እናተርፋቸዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሄደው አጥንት ግን እንደ ድሮው አይመለስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሙ ሲነግረው ነበር።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ስትቦርሹ የምትተፉትን እዩት። ደም ካለ ቀጠሮ ያዙ። “ለምጄዋለሁ” የሚል ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህንን አጋሩት።

መልካም ጤንነት!