አዳኝና ጆሮው፤ ለተኩስ የሚስማማ የጆሮ መከላከያ ስለ መምረጥ

በቀድሞ ዘመን ዝሆን የገደለ አዳኝ የጀግንነቱ ምልክት እንዲሆን በጆሮው ጉትቻ ያንጠለጥል ነበር። ጉትቻው ለሕዝብ ሁሉ ይታያል፤ በዚያው ጆሮ ውስጥ የጠመንጃው ድምፅ ያደረሰው ጉዳት ግን ለማንም አይታይም። አዳኙ ዕድሜው ሲገፋ መስማት ቢሳነው «እርጅና ነው» ይባላል እንጂ «ጠመንጃው ነው» የሚል አልነበረም። ዛሬም ብዙ ሰው እንዲሁ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የተኩስ ድምፅ ጆሮን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ለአዳኝና ከአዳኝ ጎን ለሚቆም ሰውም የትኛው የጆሮ መከላከያ እንደሚሻል ለማስረዳት እንወዳለን።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «እኛን የዊንጌት ሰፈር ሰዎች ከአደን ጋር ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ አደን ያለ መንግሥት ፈቃድ የተከለከለ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም በባሌና በአርሲ ደጋዎች የሚታደነው በልዩ ፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ መያዝም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው። ይሁን እንጂ የተኩስ ድምፅ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ከሰፈራችን ብዙ ሰው በጥርና በሚያዝያ የሠርግ ወራት በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን አልፎ ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር፣ ወደ ትውልድ አገሩ ይወርዳል። በዚያም በብዙ ሥፍራ ሙሽራ ሲገባ፣ ለቅሶም ሲሆን ጥይት ይተኮሳል። አዳኙ በዓመት ጥቂት ቀን የሚሰማውን ድምፅ የከተማው ሰውና ልጆቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰሙት ይችላሉ።

አሁን ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ እንመልከት። ድምፅ የአየር ንቅናቄ ነው። ወደ ጆሮ ቀዳዳ የገባው ንቅናቄ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ታምቡሩም ከኋላው ያሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹም ንቅናቄውን ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው፣ በፈሳሽ ወደ ተሞላው የውስጥ ጆሮ ያስተላልፋሉ። በዚህ ሥፍራ በያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረው ይገኛሉ። ድምፁን ለነርቭ አስረክበው ወደ አንጎል የሚልኩት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የስንዴ ማሳ ናቸው። መጠነኛ ነፋስ ያጎነበሰው ስንዴ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል፤ በረዶ የሰበረው ግን ቀና አይልም። ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ይዘራል፤ በሰው ጆሮ ውስጥ ለሞተ ሕዋስ ግን ምትክ አይበቅልለትም።

የድምፅ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። ይህ መስፈሪያ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ አይደለም፤ 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ረጋ ብለው ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሠራተኛ ድምፁ 85 ዴሲቤል ከደረሰ ጆሮውን እንዲከላከል ይመከራል። አነስተኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ እንኳ 140 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ለትልልቅ አውሬ የሚያገለግለው ግን ከ150 እስከ 170 ዴሲቤል ይሆናል። ለአዋቂ ሰው የመጨረሻው ወሰን 140 ዴሲቤል ስለ ሆነ፣ ባልተከለለ ጆሮ አጠገብ የተተኮሰች አንዲት ጥይት ብቻዋን ዘላቂ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ጆሮ ራሱን የሚከላከልበት ትንሽ ጡንቻ አለው፤ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ይኮማተርና አጥንቶቹን ያጠብቃል። ነገር ግን የተኩስ ድምፅ ጡንቻው ሳይኮማተር መጥቶ ያልፋል።

ጉዳቱ አስቀድሞ የሚይዘው ቀጭኑን፣ ከፍተኛውን ድምፅ የሚሰሙትን ሕዋሳት ነው። በዚህ ምክንያት ተጎጂው «መስማትስ እሰማለሁ፤ ሰዎች ግን አጥርተው አይናገሩም» ይላል። የወንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፤ የሕፃን ልጅ ድምፅ ግን ያመልጠዋል። ሰ፣ ሸ እና ፈ የሚባሉት ፊደላት ድምፃቸው ቀጭን ስለ ሆነ ይምታቱበታል። አንድ የምናውቃቸው ሽማግሌ በወጣትነታቸው ብዙ ያደኑ ሰው ናቸው። የዕድሜ ጓደኛቸው «ሰማህ ወይ?» ሲሏቸው «ሸማህ ወይ?» ያሏቸው መስሏቸው ትከሻቸውን ይዳስሳሉ። ቤተ ሰቡ ይስቃል፤ እርሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ቆይተው ግን ጨዋታውን ትተው ዝም ይላሉ። የመስማት ጉዳት ትልቁ ጭንቅ ይህ ነው፤ ሰውን ከወዳጆቹ መካከል ሳያስነሣ ብቻውን ያደርገዋል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰደፉን በቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ የሚተኩስ ሰው የግራ ጆሮው ወደ አፈ ሙዙ ይቀርባል፤ ቀኙ ግን በራሱ ጭንቅላት በመጠኑ ይከለላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ተጎድቶ የሚገኘው የግራው ጆሮ ነው። ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚበረታው በአፈ ሙዙ ፊትና ጎን ነው። ከአዳኙ ጎን ጥቂት ወደ ፊት ቀደም ብሎ የሚቆመው ዱካ መሪ ምላጩን ከሚስበው ሰው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። አዳኙ ለራሱ መከላከያ ገዝቶ ለዱካ መሪው ሳይገዛ ቢቀር ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። ገና ተማሪ ሳለን በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ከተኳሹ አጠገብ ቆመን ነበር። ጆሯችን ሦስት ቀን ጭው ሲል ሰነበተ፤ እኛም እንደ ጀብዱ ቆጥረን ለጓደኞቻችን አወራነው። ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር ስንማር፣ በመስማት ምርመራ ልምምድ ላይ የክፍል ጓደኛችን ጆሯችንን ቢመረምር፣ የግራው ጆሮ መስመር በቀጭኑ ድምፅ ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። በዚያው አገር የአደን ዕቃ በሚሸጥበት መደብር የጆሮ መከላከያው ከጥይቱ ጎን ተሰቅሎ አይተን፣ ይህን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ ብለናል።

እንግዲህ ስለ ምርጫው እንናገር። መከላከያ የሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ ድምፁን ምን ያህል ይቀንሳል? በእኔ ጆሮ ላይ በደንብ ይገጥማል? መስማት የሚገባኝን ነገር ያሰማኛል?

የመጀመሪያው ዓይነት ከለስላሳ ስፖንጅ የተሠራ ውታፍ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ለመያዝም ቀላል ነው፤ በትክክል ከገባ ከሁሉ የማያንስ ጥበቃ ይሰጣል። በመያዣው ላይ 30 ዴሲቤል ያህል እንደሚቀንስ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በቤተ ሙከራ የተለካ ነው፤ ውታፉ ላላ ብሎ ከገባ ጥበቃው ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። አገባቡ እንዲህ ነው፤ እጅን ታጥቦ ውታፉን በጣቶች መካከል እያንከባለሉ ማቅጠን፤ በተቃራኒው እጅ በራስ ላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፤ ወዲያው ውታፉን አስገብቶ እስኪያብጥ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጆሮዎች በመዳፍ ከድኖ መልሶ መክፈት ነው። መዳፉ ሲነሣ ድምፁ እጅግ የሚለወጥ ከሆነ ውታፉ አልገጠመም፤ ተወግቶ እንደ ገና ይግባ።

ሁለተኛው ዓይነት ጆሮን በሙሉ የሚሸፍን ክዳን ነው። ይህኛው በቶሎ ይደረጋል፤ በትክክል መደረጉም በዓይን ይታያል። ጉድለቱ በጠርዙ በኩል ክፍተት ከተገኘ ድምፁ በዚያ መግባቱ ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ሻሽ፣ ቆብ፣ በጆሮ ላይ የወረደ ሹሩባ ሁሉ ክፍተት ያበጃሉ። ክዳኑ ወፍራም ከሆነ ደግሞ አዳኙ ጉንጩን ወደ ሰደፍ ሲያስጠጋ ተገፍቶ ይነሣል፤ ስለዚህ ለጠመንጃ ከታች በኩል ቀጠን ያለው ይመረጣል።

ኃይለኛ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ሁለቱን፣ ማለት ውታፉንም ክዳኑንም፣ በአንድነት ቢያደርግ ይበጀዋል። የሁለቱ ቁጥር ግን አይደመርም፤ በተጨማሪ የሚገኘው 5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱም ድምፅ በራስ ቅል አጥንት በኩልም ወደ ውስጥ ጆሮ ስለሚደርስ ነው።

አዳኞች መከላከያን የሚጠሉበት ምክንያት አለ፤ ይህንም ልንንቀው አይገባም። አዳኝ የሚኖረው በጆሮው ነው። የቅጠል ኮሽታ፣ የዱካ መሪው ሹክሹክታ፣ ከሁሉ ይልቅ «ቁም! ሰው አለ!» የሚለው ጩኸት ሊሰማው ይገባል። ስለዚህ ጆሮውን ክፍት አድርጎ ይሄዳል፤ አውሬው ድንገት ብቅ ሲል ግን መከላከያውን ከኪሱ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ ተገኝቷል። አንደኛው በውስጡ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ክዳን ነው፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ያሳልፋል፣ እንዲያውም ያጎላል፤ ተኩስ ሲመጣ ግን ማሳለፉን ያቋርጣል። ሁለተኛው እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ውታፍ ነው፤ ንግግርን በመጠኑ ያሳልፋል፣ ድንገተኛውን ግፊት ግን ያግዳል። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ያንሳል። እነዚህን ሰው ከጉዞው መጀመሪያ አንሥቶ በጆሮው አድርጎ ሊሄድ ይችላል። የሁሉ የሚሻለውም ምላጩ በሚሳብበት ጊዜ በጆሮ ላይ የሚገኘው ነው።

መከላከያ ያልሆኑትንም መለየት ያሻል። ጥጥ፣ የተጠቀለለ ወረቀትና የጨርቅ ቁራጭ የተኩስን ድምፅ እጅግ ጥቂት ብቻ ይቀንሳሉ። ቀለህ በጆሮ መወተፍ ደግሞ የጆሮን ቀዳዳ ያቆስላል። አንዳች መከላከያ የሌለው ተመልካች ግን ጣቱን በጆሮው ቀዳዳ አጥብቆ ቢደፍን ከጥጥ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የልጆች ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለልጆች ወሰኑን 120 ዴሲቤል አድርጎታል። በሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በ1 ሜትር ላይ 160 ዴሲቤል የሆነ ተኩስ ወደ 120 የሚወርደው በ100 ሜትር ርቀት ነው። በሠርግ ቤት ግን ልጆች ቀለህ ለመልቀም በተኳሹ እግር ሥር ይሻማሉ። በግድግዳ አጠገብ ወይም በአጥር ግቢ ውስጥ ሲሆን ድምፁ ተመልሶ ስለሚመታ ይብሳል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር መውደቁንም አንርሳ። የሚሻለው እልልታው ብቻ ቢበቃ ነው፤ ይህ ካልሆነ ልጆችን አስቀድሞ ማራቅ የአባትና የእናት ግዴታ ነው።

ከተኩስ በኋላ ጆሮው ጭው ያለበት ወይም የታፈነበት ሰው «ይተወኛል» ብሎ አይቀመጥ። ጭው ማለቱ ቢተወውም እንኳ ጉዳቱ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ ያልተሻለው፣ ደም ወይም ፈሳሽ የታየበት፣ ወይም ድንገት መስማት ያቃተው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊረዳ የሚችል ሕክምና ሳምንታት ካለፉ በኋላ ላይጠቅም ይችላል። በሰፈራችን አቅራቢያ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከአንገት በላይ ሐኪሞች አሉ። ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ ማንጠብጠብ አይገባም።

ለመምህራን ደግሞ አንድ ቃል አለን። ከሠርግ ወራት በኋላ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚያስደግም፣ ቃለ ጽሕፈት ሲጻፍ ሰን በሸ የሚለውጥ፣ አንገቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ተማሪ ብታዩ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ከፊት አስቀምጡት፤ ወላጆቹም ጆሮውን እንዲያስመረምሩ ንገሯቸው።

የሰፈራችን ስም በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል ከተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን የመጣ ነው። በስሙ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ትምህርት ቤት በኋላ የቴክኒክና የሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። ብረት በሚቆረጥበትና እንጨት በሚሰነጠቅበት በማናቸውም የሥራ ቤት የሚያስፈልገው የጆሮ ክዳን ለአደን ከተናገርንለት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልጆቻችን በሥራ ቤት ማድረግ ከለመዱ በሌላም ሥፍራ አያፍሩበትም።

የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24 ቀን ይታሰባል፤ ይኸውም የዓድዋ ድል በዓል በዋለ በማግሥቱ ነው። የአባቶቻችንን ጀግንነት ካከበርን በኋላ በሚውለው በዚህ ቀን እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ ላሉት ልጆችና ሽማግሌዎች «ደኅና ትሰማላችሁን?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ መልሱም የሚያጠራጥር ከሆነ ወደ ሐኪም እንዲወስዳቸው በአክብሮት እናሳስባለን።