ገንዘቡ ለሰኔ ይድረስ

ሰኔ ለገበሬ የወጪ ወር ነው። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ አዝመራ እስኪደርስ ቤተሰቡ የሚበላው እህል፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። በአርሲ፣ በባሌ፣ በስልጤና በወሎ ያሉ ብዙ ሙስሊም ገበሬዎች ብድር ቢቀርብላቸውም ወለዱን ፈርተው ይተዉታል። ከዚያ ነጋዴ ዘንድ ሄደው ገና ያልታጨደውን ሰብል በርካሽ ይሸጣሉ። ወለድን ሸሽቶ ከወለድ የባሰ መክፈል ማለት ይህ ነው።

የወለድ አልባ ባንክ ጥያቄ የቆየ ነው፤ መልሱ ግን በከተማ በኩል መጣ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 በሩን ገርበብ አደረገ፤ በ2004 ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች የወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነ ባንክ እንዲፈቀድ ግን እስከ 2011 መጠበቅ ነበረበት፤ ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ነው። ለዚህ የደከሙ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ገበሬው ግን ለባንክ መያዣ የሚሆን ሕንፃም መኪናም የለውም።

ባንኮቹ የሚወዱት ሙራበሃን ነው፤ ዕቃውን ገዝተው ትርፋቸውን በግልጽ ነግረው በዱቤ ይሸጣሉ። ለማዳበሪያና ለበሬ ደህና ነው። የአራሚ ደሞዝና የክረምት ቀለብ ግን በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ አይደሉም፤ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ።

ለዚህ የሚሆነው ሰለም ነው። ገዢው ሙሉ ዋጋውን ዛሬ ይከፍላል፤ ገበሬው ዓይነቱ፣ ጥራቱ፣ መጠኑና ቀኑ የተወሰነ እህል በአዝመራ ያስረክባል። መዲና ውስጥ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጠኑና ጊዜው የታወቀ ይሁን ብለው የፈቀዱት ውል ነው።

ያለ ጥንቃቄ ግን ሰለምም ገበሬን ይጎዳል። በሱዳን የግብርና ባንክ በስፋት ሲሠራበት፣ በአዝመራ ዋጋው ሲንር ገበሬው ተበደልኩ አለ። በኋላ የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ሲለያይ ልዩነቱ እንዲካካስ የሚል አንቀጽ ገባ። እኛም ከመነሻው ይህን አንቀጽ ብንወስድ ምን አለበት?

ሌላም አደጋ አለ። ሰለም በአንድ ማሳ ምርት ላይ ብቻ አይታሰርም፤ በረዶ ሰብሉን ቢመታውም ዕዳው አይቀርም። ገበሬው ብቻውን ከሆነ ይሰበራል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ግን የአንዱን ጉድለት የጎረቤቱ ምርት ይሸፍናል፣ ወይም በስምምነት ጊዜው ይራዘማል። መጋዘኑና ሚዛኑም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ወለድ አልባ ፋይናንስ ወደ ገጠር የሚገባበት ትክክለኛው በር ማኅበሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በወለድ አልባ ሂሳብ የሚሰበሰበው ቁጠባ ለፋይናንስ ከሚውለው ይበልጣል። ባንኩ ለማኅበሩ ይክፈል፣ ማኅበሩ ለአባላቱ። ባንኩ ከመጀመሪያው ውል ጋር ባልተሳሰረ ሌላ ውል ተመሳሳይ እህል ለዩኒየን ወይም ለዱቄት ፋብሪካ አስቀድሞ መሸጥ ይችላል፤ በመያዣ ፈንታ የሚተማመንበትም ይህ ሁለተኛ ውል ይሆናል።